ለትራንስፖርት ደህንነት አቤት ማለት፦ የቱን በር ማንኳኳት፣ ምን ብሎ መጻፍ

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ሜክሲኮ፣ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት በሚወስደው በኩል፣ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን በያዘች ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። የውርስ ይመጣል፣ የቤት ኪራይ ይመጣል፣ ከሥራ የተሰናበተ ይመጣል። ልጁን ወይም አባቱን መኪና የገጨበት ሰውም ይመጣል። የዚህኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አብዛኛውን ጊዜ ሰፈርተኛው ቦታውን ከአደጋው በፊት ያውቀዋል፤ «እዚያ ጋ አንድ ቀን ሰው ይሞታል» ሲባባል ከርሟል። ያ ወሬ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ የሚመለከተው ሰው ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እቆጫለሁ።

ያ ወረቀት እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው የማሳያችሁ። ጠበቃ መያዝ አያስፈልግም፤ ቢሮ ውስጥ የሚያውቁት ሰው መፈለግም አያስፈልግም። ግን ብዙ ማመልከቻ ሁለት ቦታ ላይ ሲሞት አይቻለሁ፦ ወደማይመለከተው መሥሪያ ቤት ሲገባ፣ እና ከቅጣት በቀር ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ሲቀር።

በሩን መለየት

«መንግሥት ለምን አይቆጣጠርም?» እንላለን። የትራንስፖርትን ደህንነት ለብቻው የሚቆጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት ግን የለም፤ ሥራው ተከፋፍሏል። ከክፍሌ ደጃፍ ቆማችሁ ሜክሲኮን ብታዩ ክፍፍሉ ወለል ብሎ ይታያችኋል። አስፋልቱ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣን ነው። አስፋልቱ ላይ የተቀባው ዜብራ፣ የትራፊክ መብራቱና የመንገድ ምልክቱ የከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ነው። የሚኒባሱ ታፔላና ታሪፍ የትራንስፖርት ቢሮ ነው። ቦሎውና የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። ሾፌሩ ቀይ መብራት ሲጥስ ደግሞ ጉዳዩ የትራፊክ ፖሊስ ይሆናል። ከራሳችን በላይ በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር፣ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው፣ የራሱ አስተዳደር አለው።

ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ብቻውን ምሳሌ ይሆናል። ሰው መጥቶ «ለመንገዶች ጻፍልኝ» ይለኛል፤ ጉድጓዱ ግን የመንገዶች የፍሳሽ መስመር ሊሆን ይችላል፣ የውሃና ፍሳሽ ሊሆን ይችላል፣ የቴሌ ኬብል የሚያልፍበትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመጻፌ በፊት ሰውየውን መልሼ እልከዋለሁ፦ በዚያው መስመር ላይ ያልጠፋ ክዳን ፈልገህ ላዩ ላይ ፊደል ወይም ምልክት ካለ ፎቶ አንሥተህ አምጣ። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ከዚያ ይታወቃል። ካልታወቀ ማመልከቻው ለመንገዶች ባለሥልጣን ይጻፍና ለሌሎቹ ግልባጭ ይደረጋል፤ ያኔ «የእኛ አይደለም» የሚል መልስ ቢመጣ እንኳ የማን እንደሆነ አብሮ የሚጽፍ አይጠፋም።

ከከተማው ስትወጡ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ይሻገራል። ከላምበረት መናኸሪያ ተነሥቶ ክልል የሚያቋርጥ አውቶቡስ፣ ጭነት መኪና፣ የባቡር ነገር ወደ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ነው። አገር አቋራጭ መንገዱ ራሱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ሲወጣ ብዙ ስም ተቀይሯል። የፌዴራል ትራንስፖርት ባለሥልጣን ይሠራው የነበረው ሥራ ወደ ሚኒስቴሩ ገብቷል፤ መንገዶች ባለሥልጣን የነበረው አስተዳደር ሆኗል፤ የመድን ፈንዱም ዛሬ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ይባላል። ዛሬም የድሮ ደብዳቤ ይዘው መጥተው «ይህንኑ ገልብጥልኝ» የሚሉኝ አሉ። አድራሻው ካልተስተካከለ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ለመዝገብ ቤት ሲንከራተት ይከርማል።

የአየሩ ለብቻው ነው። ለአየር መንገድ፣ ለአብራሪና ለአውሮፕላን ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አደጋ ሲደርስ ግን የሚመረምረው ሌላ ነው፤ በሚኒስቴሩ ሥር ያለው የአደጋ ምርመራ ቢሮ ነው። የተለየበት ምክንያት ተገቢ ነው፦ ፈቃድ የሰጠው አካል የራሱን ሥራ ራሱ መርማሪ ሆኖ ማየት የለበትም። በሐይቅ ላይ የሚሄደው ጀልባ፣ የጣናውም ሆነ የሌላው፣ የማሪታይም ባለሥልጣንን ይመለከታል።

ይህን ሁሉ መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ይህን ነገር በእጁ ማስተካከል የሚችለው ማን ነው? ማን አጠፋ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሾፌር ጋ ወስዶ ያቆማችኋል። ማን ያስተካክለዋል የሚለው ግን መሥሪያ ቤት ጋ ያደርሳችኋል።

ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት

አንዲት ወጣት እናት፣ ልጇ ሁለተኛ ክፍል የሚማርላት፣ ከሥራ ሰዓቷ ሰርቃ መጣች።

«ጋሼ፣ ሾፌሮቹን የሚያስቀጣልኝ ደብዳቤ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

«የትኞቹን ሾፌሮች?»

«ሁሉንም! አንድ እንኳ ዜብራ ላይ የሚቆም የለም።»

«እህቴ፣ ሁሉም ከሆነ ነገሩ ከሾፌሮቹ ያልፋል። ዜብራው ይታያል?»

ዝም አለች። ቀጥላም «ድሮ ይታይ ነበር» አለች።

ልጆች በሚለቀቁበት ሰዓት ተመልሳ እንድታይ ነገርኳት። በማግሥቱ በስልኳ ያመጣችው ፎቶ ሁሉን ነገር ተናገረ። አውቶቡሶች ፍሬን በሚይዙበት በኩል የዜብራው ቀለም ፈጽሞ ተልጧል፤ ነጩ የቀረው የመንገዱ መሐል ላይ ብቻ ነው። «ተማሪዎች» የሚለው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አንድ መኪና ገጭቶት ይመስላል ምሰሶው ዞሮ ወደ አጥሩ ይመለከታል፤ የሚያነበው ሾፌር ሳይሆን ግቢው ውስጥ ያለ ዘበኛ ነው። ከማቋረጫው አፍ ላይ ደግሞ ሚኒባሶች ተደርድረው ይጭናሉ። ትንሽ ልጅ በሁለት ሚኒባስ መሐል ብቅ ሲል በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው መኪና ሊያየው የሚችልበት መንገድ የለም። ሾፌሩን የፈለጋችሁትን ያህል ብትቀጡት ያላየውን ልጅ ማዳን አይችልም። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ሌላ ሆነ፤ የሚሄድበት መሥሪያ ቤትም ሌላ ሆነ።

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ሄዳችሁ እዩ፤ ችግሩ በሚብስበት ሰዓት እዩ። ቦታውን ስትጽፉ የሰፈር ስም ብቻ አይበቃም። «ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲሄዱ በስተቀኝ፣ ከነዳጅ ማደያው አለፍ ብሎ» በሚል አኳኋን አቅጣጫና ምልክት ያለው አድርጉት፤ ስልካችሁ ካርታ ላይ ቦታውን የሚያሳየውንም ቁጥር ጨምሩ። ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ከሚል ቃል ጋር ጻፉ። ፎቶ ስታነሡ አንዱን ከሩቅ፣ ባለሙያው ቦታውን እንዲያውቀው፤ አንዱን ከቅርብ፣ ጉዳቱ እንዲታይ። የልጆች ማቋረጫ ከሆነ ስልኩን በልጁ ቁመት ዝቅ አድርጋችሁም አንሡ። የተጎዳ ሰው ፊት አታንሡ።

ጉዳዩ የአንድ ተሽከርካሪ ከሆነ ታርጋውን ሙሉውን ያዙ፦ ኮዱን፣ ፊደሉን፣ ቁጥሩን። ኮዱ ሳይኖር ቁጥሩ ብቻ ሌላ ሰው መኪና ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ በደል ነው። የከተማ አውቶቡስ ከሆነ የጎን ቁጥሩንና የመስመሩን ቁጥር ጨምሩ።

የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ ግን ደብዳቤ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መንገድ አይደለም። ከመሳፈራችሁ በፊት አንዴ ዙሩት። ጎማው ጥርስ አለው ወይስ ልሙጥ ሆኗል? ፊት መስታወቱ ላይ የዘንድሮ ቦሎ አለ? የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከሩስ? መተላለፊያው ላይ ዱካ እየተደረደረ ነው? እነዚህን ካያችሁ ከሾፌሩ ወይም ከረዳቱ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ቀጥታ ወደ ስምሪት ክፍል ሂዱ። አውቶቡሱ ያለ መውጫ ወረቀት ከመናኸሪያ አይወጣም፤ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ነው በዚያች ደቂቃ መንግሥትን ወክሎ የቆመው። ፈርሞ ካስወጣው በኋላ እስከሚቀጥለው ኬላ ድረስ ማንም አያየውም። ሰው ሲሳፈር «እግዜር ያውቃል» ብሎ ዝም ማለቱ ያሳዝነኛል። አንድ ተሳፋሪ ሲናገር ጨቅጫቃ ይባላል፤ አምስት ተሳፋሪዎች አብረው ስምሪት ክፍል ሲገቡ ግን ተቆጣጣሪው ከወንበሩ ተነሥቶ ይመጣል።

ሕጉን በእጅ መያዝ

ለአንድ ማመልከቻ አንድ የሕግ መስመር ይበቃል፤ ግን ትክክለኛው መሆን አለበት። ነጋሪት ጋዜጣ ከፈለጋችሁ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሂዱ፤ አዋጁን በቁጥሩ ጠይቃችሁ ትገዛላችሁ። ዋጋው እዚያው የመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ ታትሟል። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የወጣ ነው፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው እንደሆነ በ1987ቱ የነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ተደንግጓል። ስለዚህ ከአማርኛው ላይ ቃል በቃል ገልብጡ።

እኔ ጠረጴዛዬ ላይ የማላጣቸው እነዚህ ናቸው፦ የመንገድ ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 1274/2014፣ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010፣ ስለ ቴክኒክ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 681/2002፣ ስለ ሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005። የትራፊክ መቆጣጠሪያውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚያውቀው ደንብ ቁጥር 208/2003 ነው፤ አሁን ግን ደንብ ቁጥር 557/2016 ስላለ እሱን ያዙ። ስትገዙ «ማሻሻያ ወጥቶለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተሻረ ሕግ የጠቀሰ ማመልከቻ ሌላው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ አንባቢው ፊት ክብደት ያጣል።

ምን ተብሎ ይጠየቅ?

ከዚህ በፊት ያልኩት ሁሉ ለዚህ ነው፤ እባካችሁ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ከጠዋቱ 2:38 ላይ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። መላው አገር አዘነ። መርማሪ ቢሮው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱን መጋቢት 26 አወጣ፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ የሚጠብቀው በ30 ቀን ውስጥ ነውና በጊዜው ደረሰ። ያንን ሪፖርት እኔ አውሮፕላን ስለማውቅ አላነበብኩትም፤ አጻጻፉን ለማየት ነው ያነበብኩት። መጨረሻው ላይ ያሉት ምክረ ሐሳቦች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ አውሮፕላኑ ያለ አብራሪው ትእዛዝ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋ ስለነበር አምራቹ የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓቱን እንዲመረምር ይላል። ሁለተኛው፣ አውሮፕላኑ ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት አምራቹ ይህን በአግባቡ መሥራቱን የአቪዬሽን ባለሥልጣናት እንዲያረጋግጡ ይላል።

ልብ በሉ፤ ማን ይሥራው፣ ምን ይሥራ፣ ሠርቶ እንደሆነ ማን ያረጋግጥ የሚሉት ሦስቱም አሉ። ማን ይታሰር የሚል የለም። የእንዲህ ዓይነት ምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል እንጂ ጥፋተኛና ተጠያቂ መለየት እንዳልሆነ በዓለም አቀፉ ደንብ ተጽፏል። የመጨረሻው ሪፖርት ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪ ተቋማት በአንዳንዱ ነጥብ ሳይስማሙ የራሳቸውን አስተያየት ለሕዝብ አወጡ። ይህም ደግ ነው፤ ሙግቱ ሁሉ በአደባባይ ያለ ወረቀት ሆኗል።

ጥፋተኛን መቅጣት አስፈላጊ አይደለም እያልኩ አይደለም። በቸልተኝነት ሰው የገደለ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይጠየቃል፤ ይጠየቅም። ያ ግን የዐቃቤ ሕግና የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ ሾፌሩ ታስሮም ዜብራው እንደተላጠ ነው። በደህንነት ማመልከቻ ላይ የምትጠይቁት መርማሪው የጠየቀውን ዓይነት ይሁን፦ ይህ ይሠራ፣ እናንተ ሥሩት፣ መሠራቱን በጽሑፍ አሳውቁን።

ለዚያች እናትና ለሌሎቹ ወላጆች የጻፍነው በዚህ መልክ ነበር፦

ቀን ........
ለአዲስ አበባ ከተማ ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በ........ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ያለው የእግረኛ ማቋረጫ እንዲስተካከልልን ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ማመልከቻ ጋር የተያያዘው ወላጆች ልጆቻችንን ከላይ በተጠቀሰው ትምህርት ቤት እናስተምራለን። ከ........ ወደ ........ በሚወስደው መንገድ በትምህርት ቤቱ ዋና በር ፊት ለፊት ባለው ማቋረጫ የሚከተሉትን በአካል ተገኝተን አይተናል። የዜብራው ቀለም በስተቀኝ ባለው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የተማሪዎች መሻገሪያ ምልክት ምሰሶው ዞሮ ለአሽከርካሪ አይታይም። ማቋረጫው ላይ ሚኒባሶች ቆመው ስለሚጭኑ የሚሻገር ልጅ ለሚመጣው ተሽከርካሪ አይታይም። ሁኔታው የሚብሰው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከ9:30 እስከ 10:15 ነው።

ስለዚህ ዜብራው እንደገና እንዲቀባ፣ ምልክቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ፣ ከማቋረጫው አጠገብ መቆምና መጫን የሚከለክል ምልክት እንዲተከል፣ የፍጥነት መቀነሻ ያስፈልግ እንደሆነ በባለሙያ ታይቶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አባሪ፦ ፎቶግራፍ፣ የወላጆች ስም ዝርዝርና ፊርማ
ከሰላምታ ጋር
ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው ትራፊክ ፖሊስ፣ ለወረዳው አስተዳደር፣ ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ከአንድ ገጽ አላለፈም። «እጅግ አሳሳቢ»፣ «ሕዝብ እያለቀ ነው» የሚሉ ቃላት የሉበትም፤ እናቲቱ እንዲገቡ ፈልጋ ነበር፣ እኔ ግን ፎቶው ያንን ይናገራል አልኳት። የኃላፊው ዓይን የሚያርፈው «ስለዚህ» ከሚለው በታች ነው፤ እዚያ ያለውን ለይቶ ለባለሙያ መምራት እንዲችል አድርጋችሁ ጻፉለት። ዜብራው ተቀባ፣ ምልክቱም ቀና። የፍጥነት መቀነሻው ወደ ጥናት ተመርቶ ብዙ ቆየ፤ ወላጆቹም በደብዳቤው ቁጥር እየተመላለሱ ጠየቁ።

ማስገባትና መከታተል

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ለእነሱ ነው፤ በሌላው ላይ መዝገብ ቤቱ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያደርግላችኋል። «ግድ የለም፣ እናደርሰዋለን» ቢሏችሁ በትሕትና «ማኅተሙን ብቻ ያድርጉልኝ» በሉ። ያ ቁጥር ከሌለ ደብዳቤው እንደገባ የሚያስረዳላችሁ ነገር የለም። ሲከታተሉ ደግሞ «ደብዳቤዬ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን «ወደ ማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኃላፊው ጠርዙ ላይ ጽፎ ለአንድ ክፍል ይመራዋል፤ የተመራለትን ባለሙያ ስም ካወቃችሁ ግማሹ መንገድ አለቀ። ባለሙያው ቦታውን ልይ ካለ አብራችሁት ሂዱ፤ ሰዓቱን እናንተ ምረጡለት።

ዝምታ ከሆነ ቀጥሎ ያለው የዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ይቻላል፤ የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 ሲሆን አስተዳደራዊ በደልን የሚመረምረው እሱ ነው። እዚያ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ አመልክታችኋል?» የሚል ስለሚሆን ማኅተም ያለበትን ኮፒ ያዙ።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መንገድ አለ፤ መረጃ መጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይቀርባል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። ለምሳሌ «ባለፉት ሦስት ዓመታት በዚህ መገናኛ ላይ የተመዘገበ የሞት፣ የከባድና የቀላል ጉዳት ብዛት ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ሲመጣ አንድ ነገር አጣሩ፦ ሆስፒታል ገብተው በኋላ የሞቱ ሰዎች ከሟች ተቆጥረዋል ወይስ ከቆሰለ? የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት መለኪያ ከአደጋው በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ የሞተን ሁሉ ይጨምራል። ይህ ልዩነት አንድን መስቀለኛ መንገድ «ብዙም አደጋ የሌለበት» ሊያስመስለው ይችላል፤ በጥቁር አንበሳ ወይም በአቤት ሆስፒታል ያረፈ ሰው ግን አስፋልቱ ላይ እንደሞተው ያው የዚያ ቦታ ሟች ነው።

ጉዳዩ የአንድ ሰፈር ሳይሆን የአገር ከሆነ፣ ለምሳሌ የአንድ አገር አቋራጭ መስመር ሁሉ፣ አራት ኪሎ ምክር ቤቱ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሚኒስትሮችን ጠርቶ መጠየቅ ይችላል፤ ትራንስፖርትን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴም አለው። ሚኒስትሩ ሪፖርት ከማቅረቡ በፊት የደረሰ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ ከእናንተ የምርጫ ክልል ተወካይ እጅ ላይ ካለ፣ ጥያቄ ሆኖ ሊነሣ ይችላል። የፌዴራል ዋና ኦዲተርም የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የክዋኔ ኦዲት ያደርጋል፤ መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመበትን ሥራ በአግባቡ ይሠራል ወይ ብሎ ይመረምራል። እነዚህ ሪፖርቶች ሲወጡ ፈልጋችሁ አንብቡ። ኦዲተሩ የጻፈውን አንድ አንቀጽ በማመልከቻችሁ ላይ ብትጠቅሱ የሚመልስላችሁ ሰው ብዙ የሚያስተባብለው አያገኝም።

አደጋው ደርሶ ከሆነ

ያኔ ወረቀቱ ይቆያል። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ሰው ከተሽከርካሪው ውስጥ ተቀርቅሮ ከሆነ ለእሳትና አደጋ መከላከል 939 ደውሉ። የተጎዳውን ሰው ጎትታችሁ አታንሡ፤ ቤንዚን ካልፈሰሰ ወይም እሳት ካልተነሣ በቀር ባለሙያ ጠብቁለት። ተሽከርካሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ያሉበትን ሁኔታ ፎቶ አንሡ።

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ለተጎጂው የድንገተኛ ሕክምና መብት ሰጥቶታል። አዋጁ ሲወጣ መጠኑ እስከ 2000 ብር ነበር፤ እንዲህ ያለው መጠን ስለሚሻሻል አሁን ያለውን ሆስፒታሉንና የመድን ፈንድ አገልግሎቱን ጠይቁ። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ከሆነም ቤተሰብ ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ፈንዱ የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነቱም ጭምር ነው። ይህን የማያውቁ ስንት ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠዋል።

በሞት ከሆነ ወይም አካል ከጎደለ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪው ባለቤት፣ ጥፋቱ የእሱ ባይሆንም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ክሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ አንቀጽ 2143 እንደዚያ ይላል። ለቅሶና ሽምግልና ጊዜ ይወስዳሉ፤ «እንደራደራለን፣ ቆዩ» እየተባሉ ሁለት ዓመቱ ያለፈባቸው መጥተውብኛል፤ ያኔ የምጽፍላቸው አጣለሁ። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ቀኑን ግን ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ራፖር ጸሐፊ ስትመጡ የፖሊስ ሪፖርቱን፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ የታርጋውን ቁጥር፣ ፎቶውን፣ መታወቂያችሁንና ሕክምና ያወጣችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ። ከዚያ በተጨማሪ የቦታውን ነገር ንገሩን፦ ዜብራ ነበረ ወይ፣ መብራት ነበረ ወይ፣ ከዚያ በፊት እዚያ ሰው ተገጭቶ ያውቃል ወይ። ከካሳው ክስ ጎን ለጎን ሁለተኛ ወረቀት፣ ቦታውን ማስተካከል ለሚችለው መሥሪያ ቤት የሚላክ፣ በዚያው ቀን አብሮ ይዘጋጃል።